ጥቁር ቀበቶ ካሰርኩ በኋላ ግቤ ምን ይሁን?

ታቦር ማለዳ፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እህቶች። ነርስ ነኝ፤ ዕድሜዬ 30 ነው። ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ የጀመርኩት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ ምሽት ከሥራ ስወጣ አንድ ልጅ ቦርሳዬን ነጥቆኝ ሮጠ። ልከተለው ቀርቶ መጮህም አቅቶኝ በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። ከቦርሳው ይልቅ ድምፄ አለመውጣቱ ነበር ያንገበገበኝ። በዚያው ሳምንት በሰፈራችን ትምህርት ቤት አዳራሽ ወደሚሠለጥኑት ልጆች ሄጄ ተመዘገብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቤ አንድ ብቻ ነበር። መዳፍ የምታህል ካርቶን ቆርጬ «ጥቁር» ብዬ ጻፍኩባትና ከአልጋዬ ራስጌ ለጠፍኳት። በ2012 ኮሮና መጥቶ አዳራሹ ሲዘጋ ያቆየችኝ ያቺ ካርቶን ናት። የተከራየኋት ክፍል ብትሰፋ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ናት። ወን ሂዮ የሚባለውን ፓተርን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠሩ የመከላከልና የማጥቃት እንቅስቃሴዎችን፣ ለመሥራት አልጋውን ወደ ጥግ እገፋለሁ፣ ወንበሩን አልጋው ላይ እሰቅላለሁ። ሁለት እርምጃ ሄጄ ግድግዳው ሲገጥመኝ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እመለስና ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ፓተርኑ 28 እንቅስቃሴ ነው፤ እንዲያ እየቆራረጥኩ ነበር የምጨርሰው። አከራዬ የእግሬን ድምፅ ሰምተው «ልጄ፣ ደኅና ነሽ?» እያሉ በሩን ያንኳኩ ነበር።

ባለፈው ሐምሌ፣ ከ6 ዓመት ከ8 ወር በኋላ፣ ለአንደኛ ዳን፣ ለመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ፣ ተፈተንኩ። ሰባት ነበርን። ቹንግ ሙ የሚባለውን ፓተርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ 30ኛውና የመጨረሻው እንቅስቃሴ በግራ እጅ የሚሰነዘር ቡጢ ነው። ፓተርኑ የተሰየመው በኮሪያው አድሚራል ዪ ሱን ሺን ነው፤ በግራ እጅ ማለቁም ሰውየው ያለውን ችሎታ ሁሉ ሳያሳይ ማለፉን ለማስታወስ እንደሆነ ማስተራችን ነግረውናል። ያቺን ቡጢ ሰንዝሬ ስጮህ ድምፄ ከቆርቆሮው ጣሪያ ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ማስተራችን ቀበቶውን ሲያስሩልኝ አለቀስኩ።

ሦስት ሳምንት ያህል ደስታው አላስተኛኝም። መስከረም ሲጠባ ግን ማለዳ 11 ሰዓት ተኩል ማንቂያው ሲጮህ አጥፍቼ መተኛት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሌሊት ተረኛነቴን ምክንያት አደረግሁ፤ ከዚያ ዝናቡን፣ ከዚያ ምክንያትም ማቅረብ ተውኩ። አብረውኝ ከተፈተኑት ስድስት ልጆች አራቱ አሁን አይመጡም። ካርቶኗ አሁንም ግድግዳው ላይ ናት። እያየኋት እተኛለሁ፣ እያየኋት እነሣለሁ፤ የምትለኝ ነገር ግን የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ለአምስትና ለአሥር ዓመት የሚሆን ግብ እንዴት ይወጣል? ሁለተኛ ዳን ብዬ ብጽፍ ያው ሌላ ቀበቶ ነው፤ ካሰርኩት በኋላ ተመልሼ እዚሁ እንዳልገኝ እፈራለሁ። ደግሞ እጮኛ አለኝ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ትዳርም ልጅም ይኖራል ብለን አስበናል። ይህ ሁሉ እያለ የረጅም ጊዜ ግብ ማውጣት ራስን ማታለል ይሆን? ሥልጠናውን መተው አልፈልግም። ለዚህ ነው የምጠይቃችሁ።


ቀይ ቀበቶ፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ መልሱ ውድድር ነው። እኔ 21 ዓመቴ ነው፤ ቀኑ የተቆረጠ ውድድር ከፊቴ ከሌለ ሰውነቴ አይነሣም። ሰለሞን ቱፋን ተመልከቺ። በሞሮኮ ራባት በተደረገው የአፍሪካ ማጣሪያ አልፎ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከ58 ኪሎ በታች ተሰለፈ። በኦሊምፒክ ቴኳንዶ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እንደ እኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ የተጀመረ ሕልም ነው። ግብ ትልቅ ካልሆነ አይጎትትም። አንቺም በክብደትሽ ክልል ለአገር አቀፍ ውድድር ተመዝገቢ፤ ቀኑ ሲቃረብ ማንቂያው ሳይጮህ ትነሻለሽ።


የደሴ አሠልጣኝ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። በዚያች ጠባብ ክፍል ወን ሂዮን እየቆራረጡ መሥራት ቀላል ነገር አይደለም። እኔ 22 ዓመት አሠልጥኛለሁ፤ በኮሮና ጊዜ ከነበሩኝ ልጆች እንዲያ ያደረገ ሁለት ብቻ አውቃለሁ።

ከላይ የጻፈው ወንድማችን ስለ ውድድር ያለው እውነት አለው፤ ሰለሞን ቱፋም ሁላችንም የምንኮራበት ልጅ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር መለየት አለበት። ኦሊምፒክ ውስጥ ያለው ወርልድ ቴኳንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል እና በ1992 ባርሴሎና ለትርኢት ቀርቦ፣ በ2000 ሲድኒ ላይ የሜዳሊያ ስፖርት ሆነ። የእኛው ኢንተርናሽናል ቴኳንዶ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ሌላ ቤት ነው፤ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው እንጂ ኦሊምፒክ ውስጥ የለም። የፍልሚያው ሕግም ይለያያል፤ እኛ ቡጢ ወደ ፊት እንሰነዝራለን፣ እነሱ ዘንድ ቡጢ የሚፈቀደው ወደ ደረት ብቻ ነው። ስለዚህ «ኦሊምፒክ» ብላ ካርቶን ላይ የምትጽፍ የእኛ ቤት ልጅ መንገዱን ሳታየው ነው የጻፈችው። ይህን የምለው ስንት ልጅ በዚህ ሲሳሳት፣ በ17 ዓመቱ ሲገባው ቀበቶውን ጥሎ ሲሄድ ስላየሁ ነው። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ ሳንነግራቸው የቆየነው የእኛ የአሠልጣኞቹ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ጥቁር ቀበቶ ስታስሪ የጨረስሽ መስሎሻል። ስንት ፓተርን ነው የተማርሽው? ከቾን ጂ እስከ ቹንግ ሙ ዘጠኝ ነው። በጠቅላላው ስንት ነው? 24። የቤታችን መሥራች ጄኔራል ቾይ 24 ያደረጋቸው የአንድ ቀን 24 ሰዓታት ናቸው ብሎ ነው፤ አንድ ቀን ደግሞ የሰው ዕድሜ ምሳሌ ነው። አንቺ እንግዲህ በዚያ ቀን ገና ከማለዳው ዘጠኝ ሰዓቱን ኖረሻል። 15 ይቀርሻል። ክዋንግ ጌ 39 እንቅስቃሴ፣ ፖ ኡን 36፣ ጌ ቤክ 44፤ ሦስቱ የአንደኛ ዳን ናቸው። የመጨረሻው ቶንግ ኢል 56 እንቅስቃሴ ነው፤ ትርጉሙ ውህደት ነው፤ ለሁለት የተከፈለችው ኮሪያ አንድ እንድትሆን የተሰጠ ስም ነው። እሱን የሚማር ሰው ፀጉሩ ሸብቷል።

ጊዜውንም ልንገርሽ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዳን ቢያንስ ዓመት ተኩል፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሁለት ዓመት፣ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ሦስት ዓመት ነው። ደምሪው፤ ስድስት ዓመት ተኩል ይመጣል። ከነጭ እስከ ጥቁር የፈጀብሽን ያህል ማለት ነው። ያን ያህል መንገድ አንድ ጊዜ ሄደሽዋል፤ ርዝመቱን እግርሽ ያውቀዋል። በመሃል ትዳርና ልጅ ቢገቡበት ስድስቱ ዓመት ስምንት ወይም አሥር ይሆናል፤ የተጻፈው «ቢያንስ» እንጂ «ቢበዛ» አይደለም።

ይህን ሁሉ ቁጥር የነገርኩሽ ግን ቁጥሩን ግብ እንድታደርጊው አይደለም። የራሴን ላውጋሽ።

በ2005 አካባቢ የነበረኝ ግብ ሦስት ተማሪዎቼን ለአገር አቀፍ ውድድር አብቅቼ በአንዱ ሜዳሊያ ማየት ነበር። ስምንት ዓመት ለዚህ ሠራሁ። በ2014 ልጆቹ ደረሱ። አንደኛው ልጅ ዶልዮ ቻጊ፣ የዙሪያውን የእግር ምት፣ ሲመታ የምይዝለት ፓድ ከእጄ ይወጣ ነበር፤ እንዲያ ያለ ልጅ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴ ገባ። አዳራሹንም፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከሰጋቱራ የሠራናቸውን ከረጢቶችም፣ የልጆቹን መዝገብም ትቼ ከቤተሰቤ ጋር በእግርም በመኪናም ደብረ ብርሃን ደረስኩ። ሦስቱ ልጆች በሦስት አቅጣጫ ተበተኑ። አንዱ እስከ ዛሬ ወደ ስፖርቱ አልተመለሰም።

ደብረ ብርሃን ላይ ያረፍነው በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። ኅዳር ነው። ብርዱን የቀመሰ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ይተኛል፣ ውኃ ለመቅዳት የወጣ ሰው ጣቱን መዘርጋት ያቅተዋል። ለአራት ቀን ከብርድ ልብሱ ሥር አልወጣሁም። ስምንት ዓመት የሠራሁበት ግብ የለም፤ ግቡ ከሌለ እኔ ምንድን ነኝ ብዬ ነበር። በአምስተኛው ቀን ለሰውነቴ ሙቀት ፍለጋ ከክፍሉ ጀርባ ወጥቼ ቾን ጂን ሠራሁ። 19 እንቅስቃሴ ናት፤ ነጭ ቀበቶ ያሰረ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚማራት። ዞር ስል አንድ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ቆሟል። ጫማ የለውም። ዝቅተኛ መከላከሉን በግራ እጁ ይሞክራል፤ እግሩ ግን ተሻግሯል። ምንም ሳልናገር ሄጄ እግሩን በእግሬ አስተካከልኩለት። ቁርጭምጭሚቱ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር። በማግሥቱ አራት ሆኑ፤ በሳምንቱ 12። ቀበቶ ስለሌለ አንዲት እናት አሮጌ ነጠላ ቀዳ ለሁሉም አንዳንድ ክር ሰጠቻቸው። ወር ከምናምን እንደዚያ ሠራን። ታኅሣሥ ላይ ወደ ደሴ ስንመለስ ከ12ቱ ዘጠኙ ቾን ጂን ሳይሳሳቱ ይጨርሱ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። የመጀመሪያው ግቤ ሌላ ሰው አዘጋጅቶ፣ ሌላ ሰው ዳኝቶ፣ ሌላ ሰው አንገት ላይ የሚያጠልቀው ነገር ነበር። አዳራሽ፣ መንገድ፣ ሰላም፣ ፌዴሬሽን፣ ገንዘብ፣ ይህ ሁሉ መሟላት ነበረበት። ሁለተኛው ግን እኔና ሦስት ካሬ ሜትር መሬት ነው። እህቴ፣ ያንቺ ካርቶን ዝም ያለችሽ ለዚህ ይመስለኛል። ጥቁር ቀበቶ የሚሰጥሽ ሰው ነበረ፤ ሰጠሽ፤ አለቀ።

ስለዚህ ለልጆቼ አሁን የማደርገውን ልንገርሽ። አንድ ደብተር ያወጣሉ። በግራው ገጽ ሰው የሚሰጣቸውን ይጽፋሉ፤ ፈተና፣ ዳን፣ ውድድር፣ ሜዳሊያ። በቀኙ ገጽ ማንም ሳይፈቅድላቸው በራሳቸው አካል ሊያደርጉት የሚችሉትን ይጽፋሉ፤ ይህኛው በሜትር፣ በሰከንድ፣ በቁጥር መሆን አለበት። «የጎን ምቴን አሻሽላለሁ» አልቀበልም። «እግሬን በጎን ምት ዘርግቼ በወገቤ ከፍታ፣ ግድግዳ ሳልይዝ፣ በቀኝም በግራም 10 ሰከንድ እቆያለሁ» ሲሉ እቀበላለሁ። ሞክሪው። ጥቁር ቀበቶ ያሰሩ ሰዎች በአራተኛው ሰከንድ ሲወድቁ አይቻለሁ፤ በግራ እግር ደግሞ ይብሳል። ይህች አንዲት ነገር ብቻ አንድ ዓመት ትበላለች። የግራው ገጽ የሚመጣው የቀኙ ሲሞላ ነው፤ የግራው ቢሰረዝ እንኳ የቀኙ አካልሽ ውስጥ ይቀራል።

ዓመቱን ደግሞ በራሳችን ዓመት ከፋፍዪው። ከውጭ የሚመጡት የሥልጠና ሰንጠረዦች ዐቢይ ጾምን አያውቁም፣ ረመዳንንም አያውቁም፣ የሐምሌን ጭቃም አያውቁም። እኔ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ጉልበትና ትንፋሽ አሠራለሁ፤ አየሩም ያግዛል። የሚጾሙት በሚጾሙበት ጊዜ ፍልሚያ አስቀርቼ ፓተርንና መተጣጠፍ ላይ አደርጋቸዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ እስከ ሰኔ ፍልሚያ ነው። ክረምቱ ለጥገና ነው፤ ጉልበት፣ ወገብ፣ የታመመ ነገር ሁሉ ይታያል። አንቺ በዚህ ላይ የተረኛነት ወረቀትሽን አስቀምጪበት። ከሌሊት ተረኛ በወጣሽበት ጠዋት ፍልሚያ አትግቢ። እንቅልፍ ያጣ ዓይን ምቱን የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው። በዚያ ቀን አንዲት ፓተርን በዝግታ ሠርተሽ ተኚ፤ ያም ሥልጠና ነው፤ ደብተሩ ላይ ይጻፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሥርዓት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ዳን ያለ ሰው ማዕረጉ «ቡ ሳቦም» ነው፤ ረዳት አሠልጣኝ ማለት ነው። ማዕረግ ብቻ አይደለም፤ ሥራም ነው። ማስተርሽን ነጭ ቀበቶዎቹን በሳምንት አንድ ቀን እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው። ድምፁ ያልወጣለት ሰው ምን እንደሚሰማው አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አላውቀውም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ አሁን የምትገባ አንዲት ልጅ ትኖራለች።


የመንታ እናት፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ ስለ ልጅ ያነሣሽውን ብቻ ልመልስ፤ ሌላውን አሠልጣኙ ጨርሰውታል። እኔ ካራቴ ነኝ። ማርገዜን እንዳወቅሁ በሐኪም ምክር ፍልሚያና መውደቅ ያለበትን ሁሉ አቆምኩ፤ የምችለውን ያህል በእግሬ እሄድ ነበር። ከወለድኩ በኋላ እስክመለስ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ።

ስመለስ የሠራሁት ስሕተት የድሮውን ደብተሬን መክፈቴ ነው። ድሮ የምመታውን ከፍታ ልምታ ብዬ በሁለተኛው ቀን የጭኔን የኋላ ጡንቻ ጎዳሁትና ሌላ ሁለት ወር ተቀመጥኩ። አዲስ ደብተር ግዢ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እኔ የጻፍኩት «ሽንት ሳያመልጠኝ 20 ጊዜ መዝለል» የሚል ነበር። የወለደች ሴት ይገባታል፤ ነርስ ስለሆንሽ አንቺም ይገባሻል። ሴቶቻችን ይህን ለመናገር አፍረው ነው ብዙዎቹ የሚቀሩት፤ ለዚህ ነው በግልጽ የምጽፍልሽ። አምስት ወር ፈጀብኝ። ያቺን ቀን ከቀበቶዎቼ ቀን ሁሉ የበለጠ አስታውሳታለሁ።

ለእጮኛሽ ከአሁኑ ንገሪው። ከማለዳው አንዲቷ ሰዓት የአንቺ እንደሆነች አሁን ይወቃት፤ ልጅ ሲመጣ ልጁን የሚይዘው ማን እንደሆነ ያኔ አትጨቃጨቁም።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ሰላምታ ይድረሳችሁ። እኔ የብራዚል ጁጂትሱ ተማሪ ነኝ፤ በ38 ዓመቴ ጀመርኩ፣ አሁን 47 ነኝ። ታክሲ እነዳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ወገቤ ሲደነዝዝ ነው የገባሁበት።

እኛ ዘንድ ለአዋቂ እስከ ጥቁር ያሉት ቀበቶዎች አምስት ብቻ ናቸው፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ቡኒ፣ ጥቁር። ጥቁር ለማሰር ብዙ ሰው አሥር ዓመት ገደማ ይወስድበታል። የሚገርመው፣ አንቺ ጥቁር ላይ የገጠመሽ ነገር እኛ ዘንድ ሰማያዊ ላይ ይመጣል። ነጭ ሆኖ ሁለት ዓመት የተጨነቀ ሰው ሰማያዊውን ባሰረ በጥቂት ወራት ይጠፋል። ከእኔ ጋር ከጀመሩት መካከል አሁን ምንጣፉ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከሁሉም ደካማው እኔ ነበርኩ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

የቆየሁበት ምክንያት ግቤ በቁጥር ስለነበረ ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን። ዓመቱን 50 ሳምንት ብለሽ ብትይዢው 100 ቀን ይሆናል፤ አሥር ዓመት 1,000 ቀን። ከመኪናዬ ፀሐይ መከላከያ ጀርባ ወረቀት አለ፤ ከምንጣፉ በወጣሁ ቁጥር አንድ ጭረት እጨምራለሁ። ዛሬ 812 ላይ ነኝ። ሐምራዊ ቀበቶ ነኝ፤ ቡኒው መቼ እንደሚመጣ አስተማሪዬን ጠይቄው አላውቅም።

ሌላም ግብ አለኝ፤ በ60 ዓመቴ ምንጣፍ ላይ መገኘት። ይህ ግብ በየቀኑ ውሳኔዬን ይለውጠዋል። እኛ ጨዋታ ላይ አንገትህ ወይም ክንድህ ከተያዘ በእጅህ ሁለቴ መታ ታደርጋለህ፤ በቃ፣ ጓደኛህ ይለቅሃል። ወጣት ሳለሁ ቢሆን ክንዴ እስኪሰበር አልመታም ነበር። አሁን ግን የ60 ዓመቱን ሰውዬ አስባለሁ፤ ያ ክንድ የእሱ ነው፤ እኔ በአደራ ነው የያዝኩት። ፈጥኜ መታ አደርጋለሁ፤ እጅ ለእጅ ተጨባብጠን እንደገና እንጀምራለን። ከባድ ጉዳት ሳይደርስብኝ ዘጠነኛ ዓመቴ ነው።

አንቺ ነርስ ነሽ፤ የ60 ዓመት ጉልበት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የራስሽን አስቢው።


ታቦር ማለዳ፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደሴው ጋሼ፣ የጻፉትን ለማስተራችን አነበብኩላቸው፤ ስለ ደብረ ብርሃኑ ልጅ እግር ሲሰሙ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ቅዳሜ ነጮቹ ያንቺ ናቸው» አሉኝ። የባሕር ዳሯ እህቴ፣ ያልሽውን ሌላ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እጮኛዬን ትናንት ነግሬዋለሁ። ማለዳዋን ሰጥቶኛል፤ ይልቁንም ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ ሻይ ሊያፈላ ቃል ገብቷል።

ደብተሩን ገዛሁ። ግራው ገጽ ላይ ሁለተኛ ዳን ብዬ ጻፍኩ፤ ቀን አልጻፍኩበትም። ቀኙ ገጽ ላይ ሦስት ነገር አለ። የጎን ምቱን 10 ሰከንድ ሞከርኩት፤ በቀኝ ስድስት፣ በግራ ሦስት ሰከንድ ነው የቆየሁት። ግራው ለምን እንዲያ እንደሆነ አሁን ሳስበው፣ በዚያች ክፍል ስሠራ አልጋው በግራ በኩል ስለነበር ያን እግር ዘርግቼው አላውቅም። ሁለተኛው ክዋንግ ጌን እስከ ፋሲካ መጨረስ ነው። ሦስተኛው የሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድሜ ጭረቶች ናቸው፤ የእኔ አራት ደርሰዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከነጮቹ ጋር የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። 14 ልጆች ናቸው፣ አምስቱ ሴቶች። አንዷ የ16 ዓመት ልጅ ቡጢዋ ጥሩ ነው፤ ስትሰነዝር ግን ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። አልተቆጣኋትም፣ ጩኺም አላልኳትም። ፊቷ ቆሜ አብሬያት ሳጁ ጂሩጊን፣ በአራት አቅጣጫ የሚሰነዘረውን የጀማሪዎች የቡጢ ልምምድ፣ ሠራሁ፤ በእያንዳንዱ ቡጢ እኔ ጮህኩ። በሦስተኛው ዙር ላይ የሆነ ነገር የሰማሁ መሰለኝ።

ካርቶኗን አላነሣኋትም።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክዋንግ ጌ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው እንቅስቃሴ፣ ግልብጡ ቡጢ፣ በዝግታ ይሠራል። ምን ያህል በዝግታ? ስቆጥር እቸኩላለሁ፣ ሳልቆጥር ደግሞ ሚዛኔን እስታለሁ።


የደሴ አሠልጣኝ

አትቁጠሪ። እኔ ለልጆቼ በአንድ ረጅም ትንፋሽ እላቸዋለሁ። እግርሽ መሬት ሲነካ ትንፋሹ ገና ግማሽ ላይ ይሁን፤ ቡጢው የሚደርሰው ትንፋሹ ሲያልቅ ነው። ሚዛንሽ የሚጠፋው ክብደትሽን ቶሎ ወደ ፊት ስለምታሻግሪው ይመስለኛል። አልጋውን ወደ ቀኝ አዙሪና በግራ እግርሽ ጀምሪ።